የማንጎው ዛፍ፣ ጉንዳኑና ብብቷን የምታሸው ወፍ

ፕላስቲክ የሚሸጥ ሰው የፀሐይ ጠላት ነው። እህል ነጋዴ ዝናብ ይፈራል፣ ሥጋ ነጋዴ ዝንብ ይፈራል፤ እኔ ደግሞ የአሶሳን የመጋቢት ፀሐይ እፈራለሁ። ቀይ ባልዲ ፀሐይ ላይ ሲሰነብት መጀመሪያ ሮዝ ይሆናል። ቀጥሎ ስሙን የማላውቀው ቀለም ይሆናል። በመጨረሻ ገዢ ሊያየው ብድግ ሲያደርገው እጀታው እጁ ላይ ይቀራል። ሳፋ ደግሞ ይጣመማል። የተጣመመ ሳፋ «ዲዛይኑ ነው» ብዬ ሸጬ አውቃለሁ፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሰፈር ሁለቴ አይሠራም።

ለዚህ ነው ገበያው መሃል ካለው ትልቁ የማንጎ ዛፍ ሥር የማልጠፋው። ጥላውን የምትካፈለኝ ኦቾሎኒ የምትሸጥ የበርታ ሴት ናት። ገበያተኛው በሙሉ «ኻልቲ» ይላታል፤ አክስቴ እንደማለት ነው። እሷ ደግሞ እኔን «ያ ወለድ» ትለኛለች፤ አንተ ልጅ ማለቷ ነው። ጢሜ መሸበቱን ብነግራትም «ጢም ነው የሸበተው፣ አንተ መቼ ሸበትክ» ብላ አልፋዋለች።

ጥላ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ጠዋት ከዛፉ በስተ ምዕራብ ይወድቃል፣ ቀትር ላይ ግንዱ ሥር ይሰበሰባል፣ ከዚያ በኋላ በምሥራቅ በኩል ይወጣል። እኛም አብረን እንዞራለን፤ ባልዲው፣ ሳፋው፣ የኦቾሎኒው ጆንያ፣ ሁሉም። የመነሻውን ሰዓት የምትወስነው ኻልቲ ናት። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ትዘረጋለች። ፀሐይ አውራ ጣቷን የነካች ጊዜ «ያ ወለድ፣ ተነሣ» ትላለች፤ እነሣለሁ። አዲስ ደንበኞች ጠዋት ያዩኝን ቦታ ከሰዓት መጥተው ሲያጡኝ ከስሬ የጠፋሁ ይመስላቸዋል።

ዛፉ አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ ነዋሪዎች ነበሩት። ቀይ ጉንዳኖች ናቸው። ቅጠሉን ከቅጠሉ እየሰፉ ከረጢት የሚያህል ቤት ይሠራሉ፤ ስፌታቸውን ልብስ ሰፊ ቢያየው መኪናውን ይሸጣል። ጠባያቸው ግን እንደ ሙያቸው አይደለም። ነክሰው አይበቃቸውም፤ በነከሱት ላይ ኮምጣጤ የመሰለ ነገር ይረጩበታል። እኔና ኻልቲ ለምደናቸዋል። የት እንደማይደገፉ፣ የትኛውን ቅርንጫፍ እንደማይነኩ እናውቃለን። ያልለመደ ሰው ግን ይቀምሳታል።

ከለታት አንድ የገበያ ቀን የቀመሳት የገበያው ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበሩ።

ሊቀመንበራችን ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው። የሲሚንቶ ሱቃቸው ውስጥ ከረጢቶቹ እንኳ እንደ ወታደር ነው የሚሰለፉት። በዚያን ቀን እኛን ስለ ሥርዓት ሊያስተምሩን መጥተው፣ ዛፉ ሥር ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ንግድ ማለት ሥርዓት ነው!» ሲሉ እጃቸው አንዱን የቅጠል ቤት መታው።

«ሥርዓት ማለት ደግሞ...» አሉ፤ ቆም አሉ። «ሥርዓት ማለት...» ብለው አንገታቸውን ሰበቁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ንግግር ልለው አልችልም። ኮታቸው ሄደ፣ ሸሚዛቸው ተከተለ፣ እሳቸው በአንድ እግር እየዘለሉ ጀርባቸውን በሁለት እጅ ይጠፈጥፉ ጀመር። ከወዲያ ማዶ ሽንኩርት የሚሸጡት ነገሩ ስላልገባቸው አጨበጨቡ። ኻልቲ «ማሻ አላህ፣ ይሄ ሰውዬ ጨዋታ ያውቃል ለካ» አለች።

ሊቀመንበሩ ሸሚዛቸውን እንኳ ሳይቆልፉ ኮሚቴውን እዚያው ሰበሰቡ። «ይህ ዛፍ በጉንዳን ምክንያት በሚቀጥለው የገበያ ቀን ይቆረጣል!» አሉ። የኮሚቴው አባላት እጃቸውን አወጡ፤ ግን ቅርንጫፉን እንዳይነኩ ዝቅ አድርገው ነው ያወጡት።

በዚያች ሰዓት ስንት ነገር በሐሳቤ እንዳለፈ ልናገር? ዛፉ ከሄደ ለኔ የሚቀርልኝ ቦታ አህያ ከሚታሰርበት ጀርባ ያለው የቆርቆሮ መጠለያ ነው። እዚያ ከአህያ በቀር ደንበኛ አይመጣም፤ አህያ ደግሞ ባልዲ አትገዛም፣ ትረግጣለች። ያ ካልሆነ አባቴ ከወሎ መጥቶ ወደ ሰፈረበት መንደር ተመልሼ ማሽላ መኮትኮት ነው። እኔ ነጋዴ የሆንኩት ንግድ ወድጄ አይደለም፤ መኮትኮት ጠልቼ ነው።

«ኻልቲ፣ ምን ይሻላል?» አልኳት።

«እኔማ ምን አለብኝ» አለች፣ «ዛፉ ከሄደ ኦቾሎኒ በራሱ ይቆላል፤ ከሰል ይቀርልኛል።» ይህን ስትል ግን ግንዱን በእጇ ነካ ስታደርገው አየኋት።

ወፏን ያየኋት በማግስቱ ጠዋት ነው። ገበያው ገና ጭር እንዳለ ነበር። ቤንዚን የፈሰሰበት ኩሬ ታውቃላችሁ? አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ አረንጓዴ የሚያብለጨልጨው? ጀርባዋ እንደዚያ ነው። መጥታ ግንዱ ሥር፣ ጉንዳኖቹ በሰልፍ ከሚወርዱበት መንገድ ላይ አረፈች። ልትበላቸው መስሎኝ «በርቺ፣ ጨርሺልኝ» አልኳት በልቤ።

አልበላችም። አንዱን ጉንዳን በምንቃሯ ያዘችው፣ ክንፏን ወደ ፊት ዘረጋችው፣ ከዚያ በጉንዳኑ ብብቷን ታሸው ጀመር። በሳሙና እንደሚታጠብ ሰው! አንዱን ስትጨርስ ሌላ ታነሣለች። ጅራቷን በእግሮቿ መሃል አሳልፋ እሱንም አሸችው። ዓይኗን ጨፍናለች፤ ላባ የለበሰ ፊት መጨማደድ ከቻለ ፊቷን አጨማዳለች። በመጨረሻ የራሷን ጅራት ረግጣ በጎኗ ወደቀች። ተነሣች፣ ማንም እንዳላያት ሰው ዙሪያዋን ቃኘች፣ ቀጠለች።

«ኻልቲ፣ ነይ እዪ!»

ኻልቲ መጥታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየቻት። ብዙ አላሰበችም። «ውሃ አጣች» አለች። «ተየሙም አደረገች።»

ተየሙም ማለት ውሃ በሌለበት ለሶላት በንጹሕ አፈር የሚደረግ መታጠብ ነው። «እሱ በአፈር ነው እንጂ በጉንዳን ይፈቀዳል እንዴ?» አልኳት።

«ለሰው አይፈቀድም። ለወፍ ማን ጠየቀ?»

የገበያው ዘበኛ ከተኙበት አግዳሚ ላይ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። እኒህ ሽማግሌ ከአባቴ ጋር በአንድ መኪና ከወሎ የመጡ ሰው ናቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሌባ የሚያባርሩት በድምፅ ብቻ ነው። «ቅማል ነው» አሉ። «ቅማል የበላው ሁኔታው ይኸው ነው። ዓይነ ሥጋዬ አይቶታል።» ዓይናቸውን መልሰው ከደኑ።

ክርክሩ እንዲህ እንዳለ የባዮሎጂ አስተማሪ የሆነ ደንበኛዬ ጆግ ሊገዛ መጣ። «ቲቸር፣ ወፍ በጉንዳን ላባዋን የምታሸው ለምንድነው?» አልኩት። ሰውዬው ደስ አለው። ተማሪዎቹ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቀውት አያውቁም መሰለኝ፤ ጆጉን አስቀምጦ ቆመ።

«አንዳንድ ተመራማሪዎች ጉንዳኑ የሚረጨው አሲድ ቅማልና ቅንቅን ይገድላል ይላሉ» አለ።

«ምን አልኩ!» አሉ ዘበኛው ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ሌሎች ደግሞ ወፏ ጉንዳኑን ልትበላው ፈልጋ፣ አሲዱን ላባዋ ላይ አራግፋ ለማስጨረስ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ላባ ሲቀየር የሚያሳክካትን ለማስታገስ ነው የሚሉ አሉ።»

«ታዲያ የቱ ነው?»

«አልተስማሙም።»

ኻልቲ ኦቾሎኒዋን እየፈለፈለች በሐዘኔታ አየችው። «እኛ ሳንማር ሁለት መልስ ነበረን» አለች። «እሱ ተምሮ ሦስት አመጣ። ትምህርት ጥሩ ነገር ነው፣ ዋላሂ።»

አስተማሪው ጆጉን ይዞ ሄደ። እኔ ግን አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ወፏ ለመብል ይሁን ለቅማል፣ ለጸሎት ይሁን ለማከክ፣ ጉንዳኑን ፈልጋ ነው የመጣችው። እንግዲህ ይህ ጉንዳን ፈላጊ አለው። ፈላጊ ያለው ነገር ደግሞ ዕቃ ነው እንጂ ተባይ አይባልም። ቀጥ ብዬ ወደ ሲሚንቶ ሱቁ ሄድኩ። ዘበኛውም ሻይ ሊጠጡ እዚያው ደጃፍ ላይ ደርሰው ነበር።

«ሊቀመንበር፣ ያ ዛፍ እኮ ሐኪም ቤት ነው» አልኩ።

«ፈቃድ አለው?» አሉ።

«የወፎች ሐኪም ቤት ነው ማለቴ ነው። ወፎች መጥተው በጉንዳኑ ይታከማሉ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ቲቸርም መስክሯል።»

«ወፎች ለዚህ ገበያ ግብር ይከፍላሉ?»

«አይከፍሉም።»

«ስለዚህ አያገባቸውም። አንተንም አያገባህ።» ጀርባቸውን አከኩ፤ ገና አልዳነላቸውም ነበር።

እንግዲህ እኔ የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው። ወፎች ይታከማሉ አልኩ። ስለ ሰው አንዲት ቃል አልወጣኝም። ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚሉት ግን እውነት ነው፤ የወጣው ቃል ሻይ በሚጠጡ ሰው ጆሮ ገባ።

በማግስቱ ከሌላው ቀን ቀደም ብዬ ብመጣ ዘበኛው ዛፉ ሥር ቁጭ ብለው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጭናቸው ሰብስበው፣ በእጃቸው ጉንዳን ይዘው አገኘኋቸው። «አንቱ! ምን እያደረጉ ነው?» ብዬ ስጮኽ ጉልበታቸው ላይ አሹት።

ጉንዳኑን አዩት፣ ጉልበታቸውን አዩት። ከዚያ «ኧረ የሰው ያለህ!» ብለው ተነሡ፤ ተነሥተውም አልቆሙ፣ ሮጡ። እስከ ገበያው አጥር ደርሰው፣ አጥሩን መትተው ተመለሱ። ላብ በላብ ሆነው ፊቴ ቆሙ።

«አየህ?» አሉኝ። «ይሄ ጉልበት እዚህ አገር ከሰፈርን ወዲህ ሮጦ ያውቃል?»

ምን ብዬ ልከራከር? እውነት ነው፣ ሮጧል።

ከቀትር በፊት ገበያው በሙሉ ሰማ። ሰዎች ወደ ዛፉ ሲመጡ ሳይ ደነገጥኩ። ጉንዳኑን ቢቆሰቁሱትና ሌላ ሰው ቢነከስ ሊቀመንበሩ የገበያውን ቀን እንኳ አይጠብቁም። ስለዚህ ግንዱን ተደግፌ ክንዴን ዘርግቼ «ጉንዳኑን እንዳትነኩ! የወፎቹ ነው! ለሰው አይሰጥም!» አልኩ።

ዕድሜውን ገበያ ላይ የጨረሰ ሰው እንዲህ ይላል? እኔ ራሴ የማይሄድ ዕቃ ሲኖረኝ ከጀርባዬ ደብቄ «ይሄ ተይዟል» የምል ሰው ነኝ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። «ለራሱ ሊያስቀረው ነው» አለ አንዱ። ከዚያ በኋላ ማን ይይዛቸዋል።

ኻልቲ ከጆንያዋ ኋላ ሆና በሳቅ ፍርስ አለች። «ያ ወለድ፣ እባክህ ለኔ ኦቾሎኒም እንዲህ ተናገርላት። አትንኩት በላቸው።»

የዚያን ሳምንት ያየሁትን ጉድ ሌላ ሰው ቢያወራልኝ አላምንም ነበር። አንድ የባጃጅ ሹፌር ለወገቡ ብሎ ሸሚዙን ገልጦ ተንበረከከ፤ ጓደኛው ሲያሽለት ሁለቱም ጮኹ፣ አንዱ ታካሚ ስለሆነ፣ ሌላው ጣቱን ስለተነከሰ። ራሰ በራ የሆነ የጨርቅ ነጋዴ አናቱን አሳሽቶ፣ አናቱ እንደበሰለ ማንጎ ቀልቶ፣ በመዳፉ እየዳበሰ «ይሰማኛል፣ ውስጥ ውስጡን እየበቀለ ነው» ይል ነበር። አንዲት ሴት ከነዶሮዋ መጣች። ዶሮዋ ግን ከሰዎቹ ሁሉ የተሻለ አስተዋለች፤ ጉንዳኖቹን በላቻቸው።

እዚያው መታሸት ያፈሩት ደግሞ ቤታቸው ሊወስዱ ፈለጉ። የቅጠሉን ቤት ከነቅርንጫፉ እየቆረጡ ይወስዳሉ። አንዱ ወጣት ለአጎቱ ብሎ አንድ ሙሉ ቤት በስስ ፌስታል ቋጥሮ ወደ ሸርቆሌ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረ። ፌስታሉ መንገድ ላይ ተቀደደ። እንደሰማሁት ሚኒባሱ ባዶውን ነው የደረሰው፤ ተሳፋሪዎቹ ቀሪውን መንገድ በእግራቸው መሄድ መርጠዋል።

ከዚያ ወዲያ ሰዉ በፌስታል መያዝ ፈራ። ክዳን ያለው ባልዲ ፈለገ። ክዳን ያለው ባልዲ ደግሞ ያለው እኔ ጋ ነው። በአላህ ስም ልማል፣ እኔ መድኃኒት አልሸጥኩም። ጉንዳኑን የቆረጡት እነሱ፣ የተነከሱት እነሱ፤ ባልዲው ብቻ ነው የኔ። አስተማሪው በዚያ ሲያልፍ ቆሞ አየን፣ «ኧረ ሰዎች፣ ለሰው ይጠቅማል ያለ ማንም የለም!» ብሎ ጮኸ። «ለሰው አይጠቅምም ያለስ አለ?» ቢሉት ጥቂት አሰበና «እሱም አልተጠናም» አለ። ሐቀኝነቱ ጎዳው። ሁለት ሰዎች ወዲያው ባልዲ ገዙ።

ወፏ በየጠዋቱ ትመጣለች። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ሲጮኽ ከአጥሩ ላይ ሆና ታያለች፤ ጥቂት ትቆጣና ትሄዳለች። እኔም በስተመጨረሻ ቀን መቁጠር ጀመርኩ። ገበያው ደምቋል፣ ባልዲው ሄዷል፣ ግን የቆረጣው ቀን እየቀረበ ነው። ዛፉን ሐኪም ቤት ካደረገው ሕዝብ አንድም ሰው «አይቆረጥ» ብሎ ወደ ሊቀመንበሩ አልሄደም። ሁሉም ድርሻውን በባልዲ ይዞ ቤቱ ገብቷል።

የገበያው ቀን ሊቀመንበሩ መጡ። አንገትጌያቸውን እስከ ጉሮሯቸው ቆልፈው፣ እጅጌያቸውን በክር አስረው፣ መጥረቢያ የተሸከመ ጠብደል ሰውዬ አስከትለዋል። ኻልቲ እግሯን ሰበሰበች። እኔ ሳፋዎቹን ገለል አደረግሁ።

«ጀምር» አሉት።

ሰውዬው መጥረቢያውን ከማንሣቱ በፊት ቀና ብሎ አየ። «ጉንዳን አለው ብለውኛል። የታለ?»

ሁላችንም ቀና አልን። የለም። ግንዱ ላይ የለም፣ ቅርንጫፉ ላይ የለም። ሕዝቡ ቤት በቤት እየቆረጠ ወስዷቸው፣ የቀረው አንድ የደረቀ የቅጠል ከረጢት ብቻ ነው፤ እሱም ኦና ነው። ሊቀመንበሩ አላመኑም። በዱላ ቅርንጫፉን መቱት። ጠበቁ። አንገትጌያቸውን ትንሽ ላላ አድርገው ጠበቁ። ምንም።

«የት ሄደ?» አሉ።

«አለቀ» አልኩ።

«በማን ፈቃድ?»

«በሕዝብ።»

ሊቀመንበሩ ሥርዓት የሚወዱ ሰው መሆናቸው ያን ጊዜ ጠቀመኝ። «ውሳኔው 'በጉንዳን ምክንያት' ነው የሚለው» አሉ ለራሳቸው። «ምክንያቱ ከሌለ...»

«ጌታዬ» አለ ቆራጩ፣ «እኔ ዛፍ ነው የምቆርጠው። ምክንያት አልቆርጥም። ይወሰንልኝ፣ ፀሐይዋ አናቴን በላችው።»

ኻልቲ ከጆንያዋ አንድ ጭብጥ ሙሉ ኦቾሎኒ ዘገነች። «መጀመሪያ ተቀመጡ» አለች። «ቀትር ነው። በቀትር ዛፍ አይቆረጥም፣ በቀትር ዛፍ ሥር ይቀመጣል።» እኔም ፈጠን ብዬ ከምሸጣቸው ወንበሮች ሁለት አወጣሁ። ቆራጩ ተቀመጠ፤ ኦቾሎኒውን በላ፣ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ አስደገፈ፣ ራሱንም አስደገፈ። ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ።

ሊቀመንበሩ ሰውዬው እስኪነቃ ቁጭ ብለው ሲጋራ ለኮሱ። አጭሰው ሲጨርሱ ቁራጩን በጫማቸው ረግጠው ተዉት። በዚህ መሃል ወፏ መጣች። ግንዱን ዞረችው፣ የጉንዳኖቹን መንገድ አየችው፣ ባዶ ነው። ጥቂት አመነታች። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ እግር ተጠግታ የሲጋራውን ቁራጭ አነሣች፣ ክንፏን ወደ ፊት ዘረጋች፣ ዓይኗን ጨፈነች፤ ብብቷን በቁራጩ ታሸው ጀመር።

ሊቀመንበሩ ወፏን አዩ፣ ጫማቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከማዶ የጨርቁ ነጋዴ አናቱን እየዳበሰ ወደኛ አንገቱን ሰገግ ሲያደርግም አዩት። ፊታቸው ላይ ድንጋጤ መጣ። ነገ ጠዋት ገበያው በሙሉ የሲጋራ ቁራጭ እየለቀመ ሲታሽ የታያቸው ይመስለኛል።

«ይሄን ለማንም እንዳትናገሩ» አሉ በሹክሹክታ።

«ምን አይተን ነው የምንናገረው» አለች ኻልቲ።

«ግን ለምንድነው የምታደርገው?» አሉ ሊቀመንበሩ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሊቀመንበር አልነበረም።

እኔ ሁለት መልስም ሦስት መልስም ነበረኝ። ያለፈውን ሳምንት አሰብኩና «አላውቅም ጌታዬ» አልኩ።

ቆራጩ የነቃው ገበያው ሲበተን ነው። ፊቱን ጠረገ፣ መጥረቢያውን አነሣ፣ ዛፉን ቀና ብሎ አየ። «ይሄን የመሰለ እንቅልፍ ከተኛሁ ስንት ዘመኔ» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ሊቀመንበሩም አልጠሩትም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «የማንጎው ዛፍ ጉዳይ በኮሚቴው ውሳኔ መሠረት እልባት አግኝቷል» ብለው ሪፖርት አቀረቡ። አጨበጨብን። ውሳኔው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተሻረም። ስለዚህ በኮሚቴ ደረጃ ዛፉ ከተቆረጠ ቆይቷል፤ እኔና ኻልቲ የምንሸጠው በተቆረጠ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ዘንድሮ ደግሞ ማንጎው እንደ ጉድ ነው ያፈራው።